ሮቦት እንደ መማሪያ መሣሪያ፤ የምህንድስና ትምህርትና የሐረር ነጋዴ ድርሻ

ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ ወደ ጊድር መጋላ የሚወርደውን የጁገል ጠባብ መንገድ የሐረር ሰው «መኪና ግርግር» ብሎ ይጠራዋል። መንገዱ ይህን ስም ያገኘው በግራና በቀኝ ተደርድረው ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች መኪናዎች ድምፅ ነው። በዚህ ስፍራ ሙያ ለመልመድ የሚገባ ልጅ ስለ ስፌት መኪና የተጻፈ መጽሐፍ አስቀድሞ አይሰጠውም። በመጀመሪያ ክር መሰካትን፣ ቀጥሎ ቺንጋ ማጥበቅን፣ ከዚያም በጠመኔ የተሰመረውን መሥመር እየተከተለ ጨርቅ መምራትን ይለምዳል። መርፌ ይሰብራል፤ ክር ይበጥሳል፤ የተሰፋውንም ፈትቶ እንደገና ይሰፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መኪናው ሲታመም በድምፁ ያውቀዋል።

በከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የምህንድስና ትምህርት በብዙ አገር ለረጅም ዘመን የተጓዘው በተቃራኒው መንገድ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ሒሳቡንና ሕጉን ሁለትና ሦስት ዓመት ያጠናል፤ መኪናውን በእጁ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ልማድ ለመለወጥ ከተሞከሩት ዘዴዎች አንዱ፣ ተማሪው ገና በአንደኛው ዓመት ትንሽ ሮቦት በገዛ እጁ እንዲሠራና እንዲያዝዝ ማድረግ ነው።

ይህ ጉዳይ ለአስመጪው፣ ለላኪውና ለባለ ሱቁ ምን ይመለከተዋል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሮቦቱ የሚሠራባቸው ዕቃዎች ሁሉ የንግድ ዕቃዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ነጋዴው ከውጭ የሚያስገባውን የቡና መፈልፈያ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮና የማቀዝቀዣ መኪና ወደፊት የሚጠግነው ዛሬ በአንደኛ ዓመት ላይ የሚገኘው ተማሪ ነው። ሦስተኛ፣ ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ የነጋዴ ልጆች ናቸው።

የሐረማያ መነሻ

የሐረር አካባቢ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ አይደለም። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐረማያ ዩኒቨርስቲ ሲቋቋም የተሰጠው ስም የእርሻና የሜካኒክ ጥበብ ኮሌጅ የሚል ነበር። ኮሌጁ በ1944 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥት መካከል በተደረገው ስምምነት መሠረት፣ በኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክ ኮሌጅ ርዳታ ተመሥርቶ፣ የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በጅማ ከተቀበለ በኋላ ወደ ዓለማያ ተዛወረ። በጥር ወር 1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። በ1977 ዓ.ም. የዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርስቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርስቲ ተባለ። ዛሬ በሥሩ ልዩ ልዩ የምህንድስና ክፍሎችን የያዘ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው።

በዚያ የመጀመሪያ ስም ውስጥ «እርሻ» እና «ሜካኒክ» ጎን ለጎን የቆሙት በአጋጣሚ አልነበረም። ለአብነት የተወሰዱት የአሜሪካ ኮሌጆች የተመሠረቱት፣ የተማረ ሰው እጁን ከአፈርና ከብረት ማራቅ የለበትም በሚል ሐሳብ ላይ ነው። ተማሪውም ስለ ማረሻ ትምህርት ከመስማቱ ባሻገር ማረሻውን ፈትቶ እንዲገጥም ይፈለግ ነበር። ሮቦትን በአንደኛ ዓመት ማስገባት የሚለው የዛሬው ሐሳብም ከዚሁ ከቀድሞው ዓላማ የራቀ አይደለም፤ የተለወጠው መሣሪያው ብቻ ነው።

ስለ ምን በአንደኛው ዓመት?

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲዎች አዲስ ገቢዎች አንደኛውን ዓመት የሚያሳልፉት በጋራ ትምህርት ነው። ከትምህርቶቹም መካከል ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች መግቢያ የሚሰጥ አንድ ኮርስ ይገኛል፤ በእርሱም ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና በመረብ ስለተያያዙ መሣሪያዎች ይነገራል። ተማሪው ከዚህ በኋላ የሚማርበትን ክፍል ይመርጣል፤ ይመደባልም።

ችግሩ የሚታየው ከዚህ ላይ ነው። ወጣቱ የዕድሜ ልክ ሙያውን የሚመርጠው ሙያው ምን እንደሚመስል በዓይኑ ሳያይ ነው። ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሲቪል የሚባሉት ስሞች ለብዙው ተማሪ ከስምነት አያልፉም። አንዱ ዘመዱ ስለመከረው፣ ሌላው ጓደኛው ስለመረጠው ይገባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» የሚል ይመጣል። በዚህ የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ የመንግሥትም የወላጅም ነው። ልጁን ለማስተማር ከሱቁ ትርፍ ቀንሶ የሚልክ ባለ ሱቅ ጉዳቱን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ሊያነበው ይችላል።

ሮቦት ለዚህ የሚጠቅመው የምህንድስናን ቅርንጫፎች ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚሰበስብ ነው። አካሉን መሥራት የሜካኒክ ሥራ ነው፤ ሽቦውን ማገናኘት የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ ትእዛዙን መጻፍ የኮምፒዩተር ሥራ ነው፤ ዕቃውን በተወሰነ ገንዘብ መግዛትና ሥራውን በቀኑ ማድረስ ደግሞ የአስተዳደር ሥራ ነው። አንድ ሮቦት ሠርቶ የጨረሰ ተማሪ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚያስደስተውና የትኛው እንደሚያሰለቸው ያውቃል።

የሮቦት ታሪክ ባጭሩ

«ሮቦት» የሚለው ቃል የመጣው ከቼክ ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜውም የግዴታ ጉልበት ሥራ ማለት ነው። ቃሉን በዓለም ያሳወቀው ደራሲው ካረል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ቴአትር ነው። በፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የመጀመሪያው ሮቦት እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በአንድ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

ለትምህርት የዋለው ሮቦት ግን የዘር ሐረጉ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948ና በ1949 በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ከተማ ተመራማሪ ግሬይ ዋልተር፣ ብርሃን እየተከተሉ የሚሄዱ ሁለት ትናንሽ መኪናዎች ሠርቶ ስለ መልካቸው «ኤሊዎች» ብሎ ሰየማቸው። የሠራቸውም ከጦርነት በተረፉ ዕቃዎችና ከአሮጌ ሰዓት በወጡ መዘውሮች ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቅ የነበረው ሲሞር ፓፐርትና ባልደረቦቹ፣ ልጆች በቀላል ቃላት የሚያዝዟት፣ በወለል ላይ እየሄደች ሥዕል የምትሥል ኤሊ አበጁ። በዚያው ተቋም መምህር የነበረው ዉዲ ፍላወርስ ደግሞ በ1970ዎቹ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓይነት ዕቃ የሞላበት ሣጥን እየሰጠ፣ ከዚያች ሣጥን ብቻ መኪና ሠርተው እንዲወዳደሩ አደረገ። ሁሉም የተሰጣቸው አንድ ዓይነት ሲሆን የሠሩት ግን አንዱ ከሌላው የተለየ ሆነ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚደረጉት የተማሪዎች የሮቦት ውድድሮች አብዛኞቹ የዚያች ሣጥን ልጆች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጣል?

ለጀማሪ ተማሪ የሚሰጠው ሮቦት ሰው የሚመስል አይደለም። ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማያልፍ፣ ሁለት ጎማና አንድ ተከታይ ማሽከርከሪያ ያለው ጋሪ ነው። በጋሪው ላይ ሁለት ትናንሽ ሞተሮች፣ ባትሪ፣ ለሞተሮቹ ኃይል የሚያካፍል ሰሌዳ፣ ትእዛዝ የሚይዝ ሌላ አነስተኛ የኮምፒዩተር ሰሌዳ፣ ወደ ታች የሚመለከቱ ሁለት የብርሃን ዓይኖችና ወደ ፊት ድምፅ የሚልክ አንድ ጆሮ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ሥራ፣ በነጭ ወለል ላይ በጥቁር የተሰመረውን መሥመር ተከትሎ መሄድ ነው። ነጩ ወለል ብርሃን ይመልሳል፤ ጥቁሩ መሥመር ብርሃን ይውጣል። ሁለቱ ዓይኖች ከመሥመሩ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። የግራው ዓይን ጥቁር ካየ ጋሪው ወደ ቀኝ ስቷል ማለት ነውና የግራው ሞተር ይዘገያል፤ ጋሪውም ወደ ግራ ይመለሳል። ይህ በመኪና ግርግር የሚሠራው ልብስ ሰፊ በጠመኔ መሥመር ላይ ጨርቁን ሲመራ የሚያደርገው ነው። ዓይኑ ስሕተቱን ያያል፤ እጁ ያቃናል፤ ዓይኑ እንደገና ይመረምራል። መሐንዲሶች ይህን መመላለስ የቁጥጥር ጥበብ ይሉታል፤ ብዙ ዓመት የሚጠና ትምህርትም ነው። አዲስ ተማሪ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ መሠረቱን ይጨብጠዋል። የመጀመሪያው ጋሪ እንደ ጀማሪ ሰፊ ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል። ተማሪው «ስሕተቱ ትንሽ ሲሆን በትንሹ፣ ብዙ ሲሆን በብዙ አርም» ብሎ ትእዛዙን ሲያሻሽልለት ጋሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሥራ ርቀትን መለካት ነው። የጎማው ስፋት 6.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በአንድ ዙር 20.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሁለት ሜትር ለመሄድ ወደ አሥር ዙር ገደማ ያስፈልገዋል። ጎማው ተበልቶ ስፋቱ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀንስ በአሥር ዙር ሦስት ሴንቲ ሜትር ያጎድላል። በትምህርት ቤት ስለ ክብ ዙሪያ የተማረውን ቀመር ለፈተና ብቻ ያጠና ልጅ፣ ቀመሩ በእግሩ ሥር ሲሮጥ ያየዋል።

ሦስተኛው ሥራ ጉልበትና ፍጥነትን ማመዛዘን ነው። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ከታች ትልቅ፣ ከላይ ትንሽ መዘውር አለው፤ በቺንጋ ስለሚያያዙ የእግር አንድ ርግጫ የላዩን መዘውር ብዙ ጊዜ ያሽከረክረዋል። በጋሪው ሞተር ላይ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። በተለምዶ በሚሸጡት ትናንሽ ሞተሮች ውስጥ ባሉት ጥርሳም መዘውሮች አማካይነት ሞተሩ 48 ጊዜ ሲዞር ጎማው የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ግን ይበዛል። ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን ያየ ተማሪ የከባድ መኪና ማርሽ ስለ ምን እንደሚለወጥ ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ሁለት ሴንቲ ተኩል የት ገባ?

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሚሆነው ግን ሮቦቱ ሲሳሳት ነው። ለዚህም የሐረርንና የድሬዳዋን የአየር ልዩነት ያህል መልካም ምሳሌ አይገኝም።

የጋሪው ጆሮ ርቀትን የሚለካው ሰው በማይሰማው ድምፅ ነው። ድምፁን ይልካል፤ ከግድግዳ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ግድግዳው በአንድ ሜትር ላይ ቢሆን ድምፁ ደርሶ የሚመለሰው በሰከንድ ሺሕኛ ስድስት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ተማሪው ይህን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት ሲያካፍል ርቀቱን ያገኛል። በመጽሐፍ የተጻፈው የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ነው፤ ይህም አየሩ ወደ 20 ዲግሪ ሲሆን ነው። በሐረር ደጋማ አየር ላይ ቁጥሩ በደንብ ይሠራል። ጋሪው ተጭኖ ወደ ድሬዳዋ ቢወርድና ሙቀቱ 35 ዲግሪ ቢደርስ ግን ድምፅ በሰከንድ ከ352 ሜትር በላይ ይሮጣል። ገደል ማሚቶው ቀድሞ ይመለሳል፤ ጋሪውም በአንድ ሜትር ላይ ያለውን ግድግዳ በ97 ሴንቲ ተኩል ላይ ነው ብሎ ይናገራል።

ሁለት ሴንቲ ተኩሉ የት ገባ? ጋሪው አልተሰበረም፤ ሒሳቡም አልተሳተም። የተሳተው በአንድ ስፍራ እውነት የሆነው ቁጥር በሌላ ስፍራም እውነት ይሆናል የሚለው እምነት ነው። ሚዛኑን በየጊዜው በታወቀ መመዘኛ የሚፈትን ነጋዴ ይህን ነገር በሚገባ ያውቀዋል፤ በኩንታል ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሳሳት ሚዛን በዓመቱ ስንት ብር እንደሚያሳጣ አስልቶ ያየ ሁሉ መሐንዲስ መሣሪያውን ሳይፈትን ሥራ መጀመር እንደሌለበት ይስማማል። በሥራ ዓለም እንዲህ ያለው ስሕተት በድልድይ፣ በውሃ ግድብ ወይም በመድኃኒት መመጠኛ መኪና ላይ ቢደርስ የሚያስከፍለው ዋጋ እጅግ ከባድ ነው። ተማሪው በአንድ ስንዝር ጋሪ ላይ ተሳስቶ ቢማር ግን የሚከስረው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ባትሪም እንዲሁ ያስተምራል። አራት አዲስ የባትሪ ድንጋዮች በአንድነት 6 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሲደክሙ ግን ወደ አራት ቮልት ተኩል ይወርዳሉ፤ የጋሪውም ፍጥነት አብሮ ይወርዳል። ጠዋት በትክክል የቆመው ጋሪ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ይቀራል። «ሁለት ሰከንድ ሂድና ቁም» ብሎ ያዘዘው ተማሪ ይሸነፋል፤ «ጎማህ አሥር ዙር እስኪሞላ ሂድ» ያለው ያሸንፋል። ጊዜን የለካ በባትሪ ተታለለ፤ ሥራን የለካ አልተታለለም።

በሣጥን የታሸገ ወይስ በየዓይነቱ የሚገዛ?

አስመጪው አስተውሎ ሊመለከተው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። የትምህርት ሮቦቶች በዓለም ገበያ በሁለት መልክ ይሸጣሉ። አንደኛው በአንድ ፋብሪካ ስም በሣጥን የታሸገ፣ ክፍሎቹ እርስ በርስ ብቻ የሚገጥሙ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ፣ ሰሌዳው፣ ዓይኑና ጎማው እየብቻቸው ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የሚገዙበት ነው።

የመጀመሪያው ውበትና ምቾት አለው፤ መምህሩም አይደክምም። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ አንድ ክፍል ቢጠፋ የሚተካውም ከዚያው ፋብሪካ ብቻ ነው። ስመ ጥር የሆነው የዴንማርክ የሌጎ ኩባንያ «ማይንድስቶርምስ» የተባለውን የሮቦት ሣጥን እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ አውጥቶ ለብዙ ዓመታት በዓለም ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከተዘረጋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሽያጩን አቁሟል። በአንድ ስም ላይ ብቻ የተመሠረተ የትምህርት ክፍል እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ መለዋወጫ ፍለጋ ይቸገራል። የአንድ ዓይነት ጭነት መኪና ብቻ የገዛ፣ ፋብሪካው በተዘጋ ጊዜ መለዋወጫ ያጣ ባለ ንብረት ያለበትን ችግር ያውቀዋል።

ሁለተኛው መልክ የተስፋፋው በተለይ «አርዱዊኖ» የተባለው ሰሌዳ ከወጣ ወዲህ ነው። ይህ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የተሠራው በጣሊያን አገር በኢቭሬያ ከተማ ሲሆን፣ ከተማዪቱ የኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ የተመሠረተባት ናት። የአርዱዊኖ ሠሪዎች የሰሌዳውን ንድፍ ለሁሉ ክፍት ስላደረጉት፣ ማናቸውም ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል፤ ስለዚህም ከአንድ ሻጭ ባይገኝ ከሌላው ይገኛል። አንዱ ቢቃጠል የሚተካው አንዱ ብቻ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ በብር ሲተመን የቱን ያህል እንደከበደ ለሚያውቅ ነጋዴ፣ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የሚያስፈልገውን ብዛት በምሳሌ ማስላት ይቻላል። 60 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል በአራት በአራት ቢከፈል 15 ጋሪዎች ያስፈልጋሉ። ለእነዚህም 30 ሞተርና 30 ጎማ፣ 15 የኮምፒዩተር ሰሌዳ፣ 15 የኃይል ማካፈያ፣ 30 የብርሃን ዓይን፣ 15 ጆሮ ይፈለጋል፤ ከአምስት አንድ እጅ ለመጠባበቂያ ቢጨመር ሞተሩና ጎማው እያንዳንዱ 36 ይሆናል። የቀረው ከሐረር ሱቅ አይወጣም። የጋሪው አካል ከቀጭን ጣውላ ይቆረጣል፤ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ብሎን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና የመበየጃ እርሳስ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ይገኛል። ከተበላሸ የካሴት ማጫወቻና ከአሮጌ ማተሚያ የሚወጣ ሞተርም ሥራ ይሠራል፤ ግሬይ ዋልተር ኤሊዎቹን የሠራው ከአሮጌ ሰዓት መሆኑ መረሳት የለበትም።

አስመጪዎች አንድ ነገር አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል። የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሲጫን ከአደገኛ ዕቃዎች ስለሚቆጠር የተለየ አስተሻሸግና ሰነድ ይጠይቃል። ሰሌዳና ሞተር ቀለል ብለው በአየር ሲመጡ፣ ባትሪውን በባሕር በኩል በጅቡቲ ማስመጣት ወይም በአገር ውስጥ በሚገኘው የባትሪ ድንጋይ መተካት ጊዜና ክርክር ያተርፋል።

ከሐረር ሱቅ የተነሣች

ሱቅና የቴክኖሎጂ ትምህርት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚያሳይ ምስክር ከሐረር ራሷ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ ከኮምፒዩተር ጋር የተዋወቀችው በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ንግድ ውስጥ ነው። ዘጠነኛ ዓመቷን ለማክበር ገንዘብ ፈልጋ አባቷን ስትጠይቅ ባለማግኘቷ፣ በሥራው ቦታ በሚገኘው ኮምፒዩተር ለደንበኞች ቪዲዮ እያቀናበረችና ሙዚቃ በስልካቸው እየጫነች የራሷን ገንዘብ አገኘች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በስሟ የተመዘገቡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ባለቤት ሆነች፤ ከእነርሱም አንዱ ለመስኖ የሚውሉ ወንዞችን በካርታ ለማሳየት ለመንግሥት የተሠራ ነው። ከዚያም በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተቋቋመው ከአይኮግ ላብስ ጋር በመሆን ልጆችንና ወጣቶችን የኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍን የሚያስተምሩ ፕሮግራሞችን መርታለች።

አይኮግ ላብስ ሶፊያ የተባለችው ሰው መሰል ሮቦት በምትመራበት ፕሮግራም ሥራ ላይ የተካፈለ የኢትዮጵያውያን ድርጅት ነው። ሶፊያ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ፣ ከአካሏ ክፍሎች ጥቂቶቹን የያዘ ሻንጣ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ በመቅረቱ ለጋዜጠኞች ሊሰጥ የነበረው መግለጫ ተሰርዞ ነበር። ከዓለም ረቂቅ መኪናዎች አንዷ የሆነች ሮቦትም ብትሆን በመጨረሻው ጭነት ናት፤ መለዋወጫዋ በሰዓቱ ካልደረሰ ዝም ትላለች። ይህን ከነጋዴ በተሻለ የሚረዳ አይኖርም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንዶች «ይህ የልጅ መጫወቻ ነው» ይላሉ። መልኩ መጫወቻ መምሰሉ እውነት ነው። ነገር ግን በጋሪው ውስጥ ያለው የቁጥጥር ሥርዓት በፋብሪካ የጠርሙስ መሙያ መኪና ላይ፣ በአሳንሰርና በውሃ ፓምፕ ላይ የሚሠራው ሥርዓት ታናሽ ወንድም ነው።

ሌሎች «ሮቦት የሰው እንጀራ ይወስዳል» ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በፋብሪካ ዓለም ሥራቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ሮቦት ከሌላው አገር መምጣቱ የማይቀር ከሆነ፣ የሚጎዳው መኪናውን ከመግዛት በቀር ስለ እርሱ ምንም የማያውቀው አገር ነው። የስፌት መኪና ወደ ሐረር በገባ ጊዜ በእጅ የሚሰፋውን ሥራ አሳንሷል፤ የሐረር ሰው ግን መኪናውን ስለተማረው መንገዱ በስሙ ተጠራ።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ ይኸውም ሮቦት ብቻውን አያስተምርም የሚለው ነው። ይህ ፍጹም እውነት ነው። ሒሳብና ፊዚክስ ያልተማረ ልጅ ጋሪውን በሙከራ ብቻ ቢያስኬደውም ስለ ምን እንደሄደ አያውቅም። ደግሞም ጋሪዎቹ በቁም ሣጥን ተቆልፈው አቧራ ቢጠጡ፣ የተቃጠለውን የሚተካ የቤተ ሙከራ ረዳት ባይኖር፣ የወጣው ገንዘብ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት አስቀድሞ ሰው ማዘጋጀት ያሻል። ለዚህ በሐረር ከተማ የሚገኙት የሬዲዮና የስልክ ጠጋኞች፣ ብየዳ ሠራተኞችና ልብስ ሰፊዎች ለመምህሩ ረዳት ሊሆኑ የሚችሉ ባለ ሙያዎች ናቸው።

ከነጋዴው የሚጠበቅ

የሐረር ንግድ ከምህንድስና ጋር ያለው ትውውቅ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ለባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ወደ ሐረር የመጣው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ፣ በዚያው ዘመን ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ብረት ማቅለጥ፣ ስለ ውሃ ሥራና ስለ አናጢነት የሚያስተምሩ መጻሕፍት እንዲላኩለት ይወተውት ነበር። በግንቦት 1883 እ.ኤ.አ. ከሐረር በጻፈው ደብዳቤም፣ ወንድ ልጅ ወልዶ በዘመኑ በሚገኘው ትምህርት ሁሉ አሠልጥኖ፣ ስሙ የተጠራ መሐንዲስ ሆኖ ለማየት መመኘቱን ገልጿል። ምኞቱ ሳይፈጸም እ.ኤ.አ. በ1891 በማርሴይ ሞተ። በስሙ የሚጠራው ቤት ዛሬ በጁገል ውስጥ ቤተ መዘክር ነው።

ያ ነጋዴ የተመኘውን የሚመኝ የዛሬ የሐረር ነጋዴ መጻሕፍት ከማርሴይ እስኪመጡለት ወራት መጠበቅ አያስፈልገውም። ዩኒቨርስቲው ያለው በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ ነው። ከእርሱ የሚጠበቀውም ሦስት ነገር ነው። አስመጪው ሞተሩን፣ ሰሌዳውንና ዓይኑን በየዓይነቱ፣ ከመለዋወጫው ጋር፣ በሐረርና በድሬዳዋ እንዲገኝ ቢያደርግ፣ ተማሪው ለአንድ የተቃጠለ ሰሌዳ ሲል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ አይልክም። ባለ ሱቁ የተበላሹ ሬዲዮኖችና ማተሚያዎች ከመጣል ይልቅ ለትምህርት ቢሰጥ፣ ለእርሱ ቆሻሻ የሆነው ለሌላው መማሪያ ይሆናል። መኪና ያለው ላኪና የፋብሪካ ባለቤትም ቡና መልቀሚያውን ወይም ዘይት መጭመቂያውን ለአንድ ቀን ለተማሪዎች ክፍት ቢያደርግ፣ ጋሪው ያስተማራቸውን በትልቁ ያዩታል።

ይህን ሁሉ አንድ ነጋዴ ብቻውን ቢሸከመው ይከብደዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ በምክር ቤት ለተሰበሰቡ ነጋዴዎች ግን የ15 ጋሪዎች ዕቃ የሚከብድ ሸክም አይደለም። ሥራው ቢጀመር በመኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎቹ መኪና እንደ ልማዱ ሲያሰማ፣ የሰፊው ልጅ ደግሞ በሐረማያ ወለል ላይ ጥቁር መሥመር የሚከተል ጋሪ ሲመራ ይታያል። ሥራው ከአባቱ የተለየ ይመስላል እንጂ አንድ ነው፤ መሥመሩን ማየት፣ ሲስት ማወቅ፣ ወዲያውም ማቃናት።